ወደቀብኝ

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ በተደወለ ቁጥር ስልኩን ተቀብዬ «ናፍቄሻለሁ» እላት ነበር። አክስቴ ትስቅና «አዎ፣ በጣም ናፍቀሽኛል፤ ግን እኔ ልበለው እንጂ፣ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?» ትለኛለች። ምን እንደሚያስቃት አይገባኝም ነበር። እሷ ትናፍቀኛለች ማለቴ ነው፤ ለካ ናፋቂዋ እሷ፣ ተናፋቂዋ እኔ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

በእንግሊዝኛ «እኔ» ፊት ፊት ትሄዳለች። የሠራሁትንም፣ የደረሰብኝንም፣ ያመለጠኝንም ወሬ የምትጀምረው እሷ ናት። በአማርኛ ግን ብዙውን ጊዜ ከግሱ ጭራ ላይ ተለጥፋ አንዲት «ኝ» ሆና ትቀራለች፤ ራበኝ፣ ጠፋኝ፣ ናፈቀኝ። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጋር አማርኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ከእናቴ ረዳት ጋር ስፓኒሽ እያወራሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሦስቱንም የምሰማቸው ግን በእንግሊዝኛ ጭንቅላት ነበር። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያስቅ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አላሳቀም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው። እናቴ ባንቺአየሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ባለው አፓርትመንታችን የሰው ልጆች ትጠብቅ ነበር። ላይሰንስ አላት፤ ላይሰንሱም በመስታወት ተደርጎ ከአባቴ ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አባቴ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ ከፊቱ ይልቅ የስልክ ድምፁን ነበር የለመድነው። ሳሎናችን ሶፋ አልነበረውም። ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አጥርና የሕፃናት አልጋ ሞልቶት ሁልጊዜ የሕፃን ፓውደርና የተቀቀለ ካሮት ይሸታል። የልጆቹ ወላጆች ሹፌሮች፣ የሆስፒታል ረዳቶች፣ የሱቅ ሠራተኞች ናቸው። በሰፈራችን አማርኛ ልጅ ጠዋት «ድሮፕ ይደረጋል»፣ ማታ «ፒክ ይደረጋል»፤ አምጥቶ መተውና መጥቶ መውሰድ ነው።

ረዳቷ ኦዲሊያ ከሜክሲኮ፣ ዋሃካ ከሚባል አገር የመጣች አጭር ሴት ነበረች። ስትስቅ ትከሻዋ እንጂ ድምፅዋ አይሰማም። ከእናቴ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሲያወሩ ይውላሉ። እናቴ «አግዋ» ትላታለች፣ እሷ ውሃውን እያቀበለች «እንቺ» ትላለች። የሚያለቅስ ልጅ ስታባብል «እሹሩሩ» የምትለው ኦዲሊያ ናት፤ እናቴ ደግሞ «ያ፣ ያ፣ ሚ አሞር» ትላለች። ማን ከማን እንደወሰደ አይታወቅም።

ከእኔ ጋር ግን ኦዲሊያ ጥንቅቅ ያለ ስፓኒሽ ነበር የምታወራው። አንድ ቀን ኩኪ እያሳየችኝ ትፈልጊያለሽ ወይ ስትለኝ «ኪዬሮ ሎ» አልኳት፤ «እፈልጋለሁ እሱን» እንደማለት። ኩኪውን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። «ሎ ኪዬሮ» አለች፤ «ሎዋ ትቅደም። አንቺ እኮ እንደ ጅራት ከኋላ ቀጠልሻት።» ሎዋን አስቀድሜ ኩኪውን በላሁ፤ በማግስቱ ያው ጅራት ተመልሶ መጣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ተኝተዋል። እናቴ ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች፣ እኔ መስኮቱ ሥር የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ያልተኛው ባሮክ ብቻ ነበር። ባሮክ የወንድይራድና የሣራ ልጅ፣ ገና ዓመቱን የያዘ፣ ወፍራም፣ እንደ ዓሣ የሚገላበጥ ልጅ ነው። ኦዲሊያ መኝታ ቤት ወስዳ ዳይፐር ትቀይርለት ነበር።

«ድብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ምንም አልነበረም። ያ ዝምታ ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ። ከዚያ ባሮክ ጮኸ፤ በጩኸቱ ላይ የኦዲሊያ ድምፅ መጣ።

«ሴ ሜ ካዮ! ዶኛ ባንቺ፣ ሴ ሜ ካዮ!»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እርሳሷ ሲወድቅ የምትለው ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ጣልኩት። «እኔ» ከፊት፣ ጥፋቱ ከኋላ። ኦዲሊያ ባሮክን ጥላዋለች፤ ራሷ በአፏ ተናገረች።

እናቴ የድንቹ ልጣጭ እጇ ላይ እንደተለጠፈ ሮጣ ገባች። ልጁን አቅፋ ስትወጣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። በሌላ እጇ ስልኩን ይዛ «ሣራዬ፣ አትደንግጪ» አለች። «ባሮክ ወደቀብኝ። ቶሎ ድረሱ።»

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ይሳቅ። እኔ የሰማሁት «በእኔ ላይ ወደቀ» የሚል ነበር። እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። ወጥ ቤት ነበረች። ልጁ በእሷ ላይ ሊወድቅ አይችልም። እናቴ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ከፊት ወንበር የምትቀመጠው እናቴ፣ ዐይን ያወጣ ውሸት ዋሸች።

ወንድይራድ መኪናውን መንገድ መሃል ትቶ ገባ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ወደቀብኝ፣ ልጄ። ዳይፐር ሲቀየርለት፣ ከጠረጴዛው ላይ።»

«ማን ነበር የሚቀይረው?»

ኦዲሊያ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። የሚባባሉት ባይገባትም ስለ እሷ መሆኑ ገብቷታል። እናቴ መሃላቸው ገብታ ቆመች።

«የወደቀው እኔ ቤት ነው» አለችው። «የምትጠይቀው ካለህ እኔን ጠይቀኝ።»

ጥፋተኛ እየደበቀች መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው እናቴ በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ንግግር የተናገረች አይመስለኝም።

ሐኪሞቹ የባሮክ የአንገቱ ሥር አጥንት መሰንጠቁን ነገሯቸው። ይድናል አሉ። ግን ሕፃን ልጅ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሲመጣ ለመንግሥት ማሳወቅ ደንብ ነው፤ መርማሪ ትመጣለች ተባለ። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እናቴ ለአባቴ ስትነግረው ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

«ወረቀት የላትም» አለችው። «ጣለችው ብለው ከጻፉ አለቀላት። ሁለተኛ ልጅ አታቅፍም፤ እሱም እዚህ ከተዉአት ነው። የኔንም ላይሰንስ ይወስዱታል።»

«ሶ አንቺ ምን አገባሽ?» አለ አባቴ ከትራኩ ጩኸት ጋር እየታገለ። «እሷ ናት የያዘችው በያቸው፣ አለቀ። ላይሰንሱን ካጣሽ ምን እንሆናለን?»

«ምን ነካህ? አልጣለችውም እኮ ነው የምልህ።»

አልጣለችውም አለች። እኔ ግን ኦዲሊያ ጣልኩት ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ለአባቴም ዋሸች ማለት ነው። ያን ዕለት እራቴን መዋጥ አቃተኝ፤ እናቴ ግንባሬን እየዳሰሰች «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

መርማሪዋ ሚስ ካርዴናስ ትባላለች። ጂንስ የለበሰች፣ ማስቲካ የምታኝክ፣ ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ የምትዘረጋ ወጣት ሴት ነበረች። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው የተወለደችው። ስፓኒሿን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እንደኔው ነበር፤ ሎዋን ከኋላ የምትቀጥል ዓይነት። ኦዲሊያን ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ አስቀምጣ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

ኦዲሊያ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ሸጉጣ «ሴ ሜ ካዮ» አለች።

ሚስ ካርዴናስ ጻፈች፤ ከዚያ የጻፈችውን በእንግሊዝኛ አነበበችው። «ሶ፣ ዩ ድሮፕድ ሂም»፤ ስለዚህ ጣልሽው።

ኦዲሊያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እንግሊዝኛ በሰማች ቁጥር የምትነቀንቀው ነው፤ እኔ ግን እንደ ሁለተኛ ምስክርነት ቆጠርኩት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ድሮፕ» የምትለውን ቃል ያዘች። የምታውቃት ቃል ናት፤ በየቀኑ የምትኖርባት ቃል ናት።

«ኖ፣ ኖ» አለች ጣቷን እያወዛወዘች። «ሺ ኖ ድሮፕ። ፋዘር ድሮፕ ሂም። ኤቭሪ ሞርኒንግ።»

የሚስ ካርዴናስ ጣቶች ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። ማስቲካዋንም ማኘክ አቆመች። «አባቱ ነው የጣለው? በየቀኑ?»

«የስ» አለች እናቴ፣ በመግባባቷ ደስ ብሏት። «ሰምታይምስ ማዘር።»

ወንድይራድ በካቴና ሲወሰድ ታየኝ። «ድሮፕ ኦፍ!» ብዬ ተነሳሁ። «ጠዋት ያመጡታል ማለቷ ነው። ያመጡታል ብቻ።»

ሚስ ካርዴናስ ትንፋሿን ለቀቀችና ወደ እኔ ዞረች። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ብትጠይቅ እስኪገኝ ጠብቂ እንዳሏት፣ ልጅ ማስተርጎምም ደንቡ እንደማይፈቅድላት፣ ግን እንዲህ ከመጠፋፋት አንድ ነገር ብቻ ብጠይቅላት እንደሚሻል ነገረችኝ። «ኦዲሊያ ልጁን ጥላዋለች ወይ ብለሽ እናትሽን ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት። እናቴ አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

«በያት፤ አልጣለችውም። ወደቀባት። ልጁ ወደቀባት እንጂ እሷ አልጣለችውም። እንዲህ ብለሽ በያት፣ ዶርቃዬ።»

«እማዬ በእሷ ላይ ወደቀ ትላለች» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«በእሷ ላይ? ከላይዋ?» ሚስ ካርዴናስ ኦዲሊያን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች። «ታዲያ እሷ ከሥር ምን ትሠራ ነበር?»

እናቴ የሴትዮዋን ፊት ታነብ ነበር። «ምንድነው ያልሻት?»

«ያልሽኝን ነው።»

«አይደለም። ፊቷ ሌላ ነው የሚለው። አልጣለችውም በያት፣ ዶርቃ። እንዳታሳስቻት።»

እንዳታሳስቻት ትለኛለች! እኔ ደግሞ ውሸታሞች ሁሉ ስለሚጣሉበት እሳት ቸርች በተማርን ቁጥር እንቅልፍ የማጣ ልጅ ነበርኩ። እውነቱን አውቃለሁ ብዬ አምኛለሁ፤ ኦዲሊያ ራሷ ጣልኩት ብላለች። እናቴ ደግሞ በሰው ፊት፣ በመንግሥት ፊት፣ ዋሺ እያለችኝ ነው። ቀና ስል ኦዲሊያ እያየችኝ ነበር። አልለመነችኝም። የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ድረስ ደርሶ ዝም ብላ ታየኛለች፤ አንጀቴን በላችው።

«ሺ ዲድንት ድሮፕ ሂም» አልኩ። «ሂ ፌል።» አልጣለችውም፤ ወደቀ።

«እሷ እኮ ራሷ ነግራኛለች» አለች ሚስ ካርዴናስ ቀስ ብላ። «እናትሽ እርግጠኛ ናት?»

«ማይ ማዘር ዳዝንት ላይ» አልኳት።

እናቴ አትዋሽም። በዚያች ክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ ትልቁ ውሸት ይኸኛው መሰለኝ። ጆሮዬ ጋለ። አሁኑኑ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

ሚስ ካርዴናስ ወደ ኦዲሊያ ዞረች። ኮምፒዩተሯን ዘጋ አድርጋ «ኡስቴድ ሎ ቲሮ?» አለቻት፤ እርስዎ ወርውረው ጣሉት ወይ?

ኦዲሊያ ከወንበሩ ተነሳች። «ኖ! ኖ ሎ ቲሬ። ሴ ሜ ካዮ።»

አልወረወርኩትም፣ ጣልኩት ብላ ራሷን ስታጋልጥ ነበር የሰማኋት። እኔ ነፍሴን አስይዤ ያዳንኳት ሴት መልሳ ገደል ገባች። ዝም በይ፣ ዝም በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

ሚስ ካርዴናስ ግን አልጻፈችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃሉን ለራሷ ደገመችው፤ ሴ፣ ሜ፣ ካዮ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፍታ አንዲት ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። እየደመሰሰች ነበር። ዛሬ ሲመስለኝ እናቷ ቤት ሰሃን ሲሰበር፣ ቁልፍ ሲጠፋ ስትሰማው ያደገችው ቃል ነው ትዝ ያላት። ያኔ ግን ውሸቴ የሠራ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ወጥታ በሩ እንደተዘጋ ኦዲሊያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «አፍሽ ይባረክ» አለችኝ። ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። ስለ ውሸቴ የምትመርቀኝ መስሎኝ ከእጇ ወጣሁ።

ፋይሉ ድንገተኛ አደጋ ተብሎ ተዘጋ። ወንድይራድና ሣራ ቅሬታቸው ከአጥንቱ ቀድሞ ዳነ፤ ልጃቸውንም መልሰው አመጡ። እኔ ብቻ አልዳንኩም። ባሮክን እጁ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ቸርች ባየሁት ቁጥር አጥንቱ እንዳይገጥም የያዘው የኔ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ኦዲሊያ ኩኪ ስትሰጠኝ «ኖ ግራሲያስ» እላታለሁ። እሷም እስከ መጨረሻው፣ የራሷን ልጅ ይዛ ከተማውን ለቃ ወደ ሰሜን እስከሄደች ድረስ፣ ምን እንዳስቀየመችኝ ሳታውቅ ቀረች።

ከእናቴ ጋር የሆነው ግን ባሰ። አማርኛ ሰው ጥፋቱን የሚደብቅበት ቋንቋ መሰለኝ። በእንግሊዝኛ ሰባሪው ይታወቃል፤ «እኔ» ብሎ ይጀምራል። በእናቴ አፍ ግን ብርጭቆው በራሱ ይሰበራል፣ ወጡ በራሱ ያራል፣ ሕፃኑ በራሱ ይወድቃል። በአማርኛ ስትጠይቀኝ በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ትለማመጠኝ ጀመር፣ በመጨረሻ ተወችው። ኮሌጅ ስመርጥ ሩቁን መረጥኩ። በስልክ ስናወራ እሷ «እህሉስ ይስማማሻል?» ትላለች፣ እኔ «አይም ፋይን» እላለሁ፤ በዚሁ እናበቃለን።

ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀናት ቤት መጥቼ የባሮክ ልደት ነበርና እናቴን እነሱ ወደሚኖሩበት ጋርዴና ይዣት ሄድኩ። የክሬንሾን ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ እየነዳሁ ነው። እናቴ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ዳቦ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ መኪናው የተቃጠለ ቅርፊት ይሸታል።

«ዳቦው አረረብኝ» አለች አዝና። «ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ ነው።»

ልቀልድባት ፈለግሁ። «አረረብኝ? አንቺ ላይ ነው ያረረው?» አልኩ በተሰባበረ አማርኛዬ።

በአማርኛ መናገሬ ገርሟት ዞራ አየችኝ። «እኔ ላይማ ባይሆን ምን አስጨነቀኝ? ያረረው ዳቦው ነው፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ እኮ ነው የሚባለው። ቁልፉ ጠፋብኝ። ልጁ ታመመብኝ።»

እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ወደ ዳር ወጥቼ አንድ የጎማ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደረግሁ።

«ወደቀብኝስ?» አልኳት።

«ወደቀብኝም ያው ነው። ምን ሆንሽ?»

ሴ ሜ ካዮ። ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት፣ ስለ አንድ ልጅ አንድ ቃል ተናግረዋል። ልጁ ወደቀ፣ ሕመሙ እኔ ላይ ነው ብለዋል። ጥፋት መደበቅ አልነበረም። ማንም ሳይጠይቃቸው ሕመሙን ከራሳቸው ጋር ያሰሩበት ቃል ነበር። እኔ መሃል ቆሜ አንዷን ወንጀለኛ፣ ሌላዋን ውሸታም አድርጌ ሰማኋቸው።

ነገርኳት። አማርኛዬ ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ሞላሁ፣ ደግሞ ተመለስኩ። የሰማሁትን፣ ዋሽታለች ያልኩትን፣ እሳቱን፣ የባሮክን እጅ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ እንደ አክስቴ። አልሳቀችም።

«እና የዋሸሽ እየመሰለሽ ነው የተናገርሽላት?»

«አዎ።»

«እናቴ አትዋሽም ስትያት? ያቺማ እንግሊዝኛ ገብታኝ ነበር እኮ። ስንት ጊዜ ለሰው አውርቼዋለሁ።»

«እሷንም።»

ፎጣውን ዳቦው ላይ አስተካከለች። መልሳ ገለጠችው። በመስኮቱ በኩል ወደ ጎማ ሱቁ ልጆች ዞረች፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ጓደኞቿ ናቸው እል ነበር» አለች። «ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ስንት ሌሊት ጸለይኩ። ያን ቀን ነዋ ለካ የጠፋሽብኝ።»

ቃሉን በእንግሊዝኛ ሳልመልሰው ሰማሁት።